የሎንዶን ሕንጻዎችና ቤተ መዘክሮች፤ ለተማሪ ጎብኚ የሚሆን አጭር ጥናት

ወደ ሎንዶን ሄዶ የተመለሰ ሰው ስለ ከተማዪቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ምድር ውስጥ ባቡርዋ፥ ስለ ሱቆችዋ ብዛትና ስለ ዝናብዋ ነው። ይህን ማየትም ሆነ ማውራት ነውር የለበትም። ዳሩ ግን ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ታሪክ ያላትን፥ ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የተሰበሰበ ቅርስ የሞላባትን ከተማ አይቶ ከዚህ የበለጠ ነገር ይዞ አለመመለስ ለተማሪ ታላቅ ጉድለት ነው። ከመካከላችን በትምህርት ዕድል፥ በስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሄድ አይጠፋምና፥ ይህ ጽሑፍ ስንቅ እንዲሆነው ተዘጋጅቷል። የማይሄደውም ቢሆን ቢያነበው አይጐዳም፤ በሎንዶን ከተቀመጠው ሀብት ከፊሉ የእኛ ነውና።

ጽሑፉ ሁለት ዓላማ አለው። አንደኛው፥ ጊዜውም ገንዘቡም አጭር የሆነ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያያቸው የሚገባውን ሕንጻዎችና ቤተ መዘክሮች በየተራ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፥ ቤተ መዘክር እንዴት እንደሚታይ ማሳየት ነው። በመስተዋት ሣጥኖች መካከል እየተራመዱ ማለፍ ማየት አይደለም። ቤተ መዘክር እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ ሥዕሉን ብቻ አይቶ እንደሚዘጋው፥ ሳይዘጋጅ የገባ ጎብኚም እንዲሁ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ በግልጽ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሀ. በዕቃው ፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

በማንኛውም ቤተ መዘክር ውስጥ በአንድ ዕቃ ፊት የቆመ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መጠየቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው፥ ይህ ዕቃ ምንድን ነው፥ ማንስ ለምን አገልግሎት ሠራው? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ከተሠራበት ቦታ ወደዚህ አዳራሽ በምን መንገድ መጣ፤ ተገዝቶ ነውን? በስጦታ ነውን? ከመሬት ተቈፍሮ ወጥቶ ነውን? ወይስ በጦርነት ተወስዶ? የሚል ነው። ሦስተኛው፥ ከዕቃው አጠገብ የተጻፈው መግለጫ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ተናግሮ የትኛውን ተወ? የሚል ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን መግለጫው ራሱ ይሰጣል። ለሁለተኛው አንዳንድ ጊዜ አንድ መስመር ይጻፍለታል፤ አንዳንድ ጊዜም የግዢው ዓመት ብቻ ይጠቀሳል። ሦስተኛውን ግን ጎብኚው ከቤቱ አንብቦ ካልመጣ በቀር ማንም አይመልስለትም። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸውን ቦታዎች ሁሉ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እየመረመርን እንሄዳለን።

ለ. በቴምዝ ወንዝ ዳር ያሉ የታሪክ ሕንጻዎች

ሎንዶንን የቈረቈሩዋት በ43 ዓ.ም. አገሩን የወረሩት ሮማውያን ናቸው። ሮማውያኑ ከሄዱ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ሲይዝ፥ የከተማዪቱን ሕዝብ በዓይኑ ሥር ለማድረግ በወንዙ ዳር ምሽግ አሠራ። ይህ ዛሬ የሎንዶን ግንብ የሚባለው ነው። ግንቡ ቤተ መንግሥትም፥ ግምጃ ቤትም፥ ወህኒ ቤትም ሆኖ አገልግሏል። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚስት አን ቦሊን በ1536 አንገትዋ የተቈረጠው በዚሁ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ቁራዎቹ ከግንቡ ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል የሚል አሮጌ ንግርት ስላለ፥ ዛሬም ቁራዎች በቀለብ ይያዙበታል።

ጎብኚ ሁሉ ወደ ግንቡ የሚጐርፈው ግን የዘውድ ጌጣጌጦቹን ለማየት ነው። ከእነዚህ መካከል በ1937 ለንግሥት ኤልሳቤጥ፥ ማለት ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ እናት፥ በተሠራው ዘውድ ላይ ኮሂኑር የተባለው 105 ካራት ያህል የሚመዝን አልማዝ ይገኛል። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄያችንን እንጠይቅ። አልማዙ ከሕንድ የመጣው እንግሊዞች በ1849 የፑንጃብን መንግሥት በጦር ኃይል በያዙ ጊዜ ነው። የውሉን ወረቀት የፈረመው የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው ንጉሥ ዱሊፕ ሲንግ ነበር። ልጁም ኋላ ራሱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዚያው አደገ። የዚህን ልጅ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ሌላ ልጅ ታሪክ ያደርሰናልና።

ከግንቡ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ቢሄዱ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ይገኛል። በ1666 መስከረም ወር ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት አራት ቀን ሙሉ ነዶ ከ13,000 የሚበልጡ ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን አጠፋ። አሮጌው ካቴድራልም አብሮ ተቃጠለ። አዲሱን የሠራው ክሪስቶፈር ሬን ነው፤ ሥራው በ1675 ተጀምሮ እስከ 1710 ድረስ ቈይቷል። ቁመቱ 111 ሜትር ነው። በ1940 እና በ1941 የጀርመን አይሮፕላኖች ከተማዪቱን ሌሊት ሌሊት ሲደበድቡ በዙሪያው ያለው ሰፈር ሲወድም ካቴድራሉ ቆሞ ቀረ። ከጉልላቱ በታች ባለው ክብ ሰገነት አንዱ በግድግዳው ላይ ቢያንሾካሽክ ከማዶ ያለው ሰው ይሰማዋል።

ወንዙን ይዞ ወደ ላይ የሄደ ዌስትሚንስተር ይደርሳል። የዌስትሚንስተር አቤይ ከ1066 ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬ የሚታየው ሕንጻ ግን በሄንሪ 3ኛ ትእዛዝ በ1245 የተጀመረው ነው። በውስጡ ነገሥታት ብቻ ሳይሆኑ አይዛክ ኒውተን፥ ቻርልስ ዳርዊንና ዴቪድ ሊቪንግስተን ተቀብረዋል። ሳይንቲስትን ከንጉሥ አጠገብ የሚቀብር ሕዝብ ዕውቀትን ምን ያህል እንዳከበረ ከዚህ ይታያል። አንድ ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ ይኸውም ከመቅደላ የተወሰደ የኢትዮጵያ ታቦት በአንዱ መሠዊያ ውስጥ መቀመጡ ነው። የአቤዩ አስተዳዳሪዎች ይህን ታቦት ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ በመርሕ ደረጃ መወሰናቸው በ2024 ተነግሯል።

ከአቤዩ ማዶ ያለው የፓርላማ ሕንጻ አሮጌው በ1834 ከተቃጠለ በኋላ የተሠራ ነው። ቢግ ቤን የሚለው ስም በእውነቱ የሰዓቱ ማማ ሳይሆን በውስጡ የተሰቀለው የትልቁ ደወል ስም ነው። በሕንጻው አጠገብ ባለው የአትክልት ቦታ የኤመሊን ፓንክኸርስት ሐውልት ቆሟል። ይህች ሴት ለእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት የታገለች ናት። ልጅዋ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በፋሺስት ወረራ ዘመን ከ1936 ጀምሮ በሎንዶን ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ እያሳተመች የቆመችልን፥ በ1960 ዐርፋ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች ወዳጃችን ናት። የእናቲቱ ሐውልት በሎንዶን፥ የልጂቱ መቃብር በአዲስ አበባ መሆኑን አስቦ ማለፍ ተገቢ ነው።

ሐ. የእንግሊዝ ቤተ መዘክር

ብሪቲሽ ሙዚየም የሚባለው ታላቁ ቤተ መዘክር በ1753 በፓርላማ ሕግ ተቋቁሞ በ1759 ለሕዝብ ተከፈተ። መነሻው ሐንስ ስሎን የተባለው ሐኪም በሕይወቱ ዘመን የሰበሰበው ከ71,000 የሚበልጥ ዕቃ ነበር። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። ይህ ቤት በአንድ ቀን ቀርቶ በወርም ታይቶ አያልቅምና፥ ተማሪ አስቀድሞ ሦስት ወይም አራት ክፍሎችን መርጦ ቢገባ ይበጀዋል።

ከሁሉ በፊት ወደ ሮዜታ ድንጋይ መሄድ ይገባል። ድንጋዩ በ196 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የግብፅ ካህናት ለንጉሣቸው ለበጥሊሞስ 5ኛ ያወጡትን አዋጅ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት የያዘ ነው፤ በጥንቱ የሥዕል ፊደል፥ በተራው የግብፅ ጽሕፈትና በግሪክ። በ1799 ያገኙት የናፖሊዮን ወታደሮች ናቸው፤ በ1801 ፈረንሳዮች በግብፅ ሲሸነፉ እንግሊዞች ወሰዱት፤ ከ1802 ጀምሮ በዚህ ይገኛል። ሻምፖልዮን የተባለው ፈረንሳዊ በ1822 የሥዕል ፊደሉን ምሥጢር የፈታው ግሪኩን ከግብፁ እያስተያየ ነው። ታላቅ እርዳታ የሆነው ግን የቅብጥ ቋንቋ ማወቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ብቻ ተጠብቆ የቈየ ቋንቋ የፈርዖኖችን አፍ ከፈተ ማለት ነው። ግዕዝ የሞተ ቋንቋ ነው፥ ምን ይጠቅማል የሚል ተማሪ ቢኖር በዚህ ድንጋይ ፊት ጥቂት ቢቆም ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም።

ቀጥሎ ከአቴና ከተማ ከፓርቴኖን የመጡት የእብነ በረድ ቅርጾች ይታያሉ። ፓርቴኖን የተሠራው በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። አቴና በቱርክ ግዛት ሥር ሳለች የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ቅርጾቹን ከሕንጻው እያስነቀለ ወሰደ፤ በ1816 የእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ገዛው። ግሪኮች ነጻነታቸውን ካገኙ በኋላ እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ ኖረዋል፤ በ2009 በአክሮፖሊስ ኮረብታ ሥር አዲስ ቤተ መዘክርም ከፍተው ለጐደሉት ቅርጾች ቦታቸውን ጠብቀዋል። በአፍሪካ ክፍል ደግሞ የቤኒን መንግሥት የነሐስና የናስ ሥራዎች አሉ። እነዚህ ከዛሬዪቱ ናይጄሪያ በ1897 የእንግሊዝ ጦር የንጉሡን ከተማ ባጠፋ ጊዜ የተወሰዱ ናቸው። አሠራራቸውን ያየ ሰው አፍሪካዊ ብረት አቅልጦ ቅርጽ አያወጣም ይሉ የነበሩትን የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ይታዘባቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ማለት በ1868፥ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች አምባውን በዘበዙ። ንጉሠ ነገሥቱ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ብዙ ብራናና ንዋየ ቅድሳት አከማችተው ነበር። የተዘረፈውን ዕቃ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። በደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሐራጅ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከሐራጁ ዋና ገዢዎች አንዱ ከጦሩ ጋር አብሮ የተላከው የዚሁ ቤተ መዘክር ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ይህ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እጅግ የከበረውን የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል ለቤተ መዘክሩ እንኳ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ምሁር ከጦር ሠራዊት ጋር ሲሄድ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ቤተ መዘክር ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የመጡ ናቸው። ጎብኚው ግን ፈልጎ አያገኛቸውም። ለሕዝብ አይታዩም፤ የቤተ መዘክሩ ሊቃውንትም እንዳያዩዋቸው ተከልክሎ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል። ይህ ለሃይማኖታችን የተደረገ አክብሮት ነው ይባላል፤ አክብሮትነቱንም አንክድም። ነገር ግን ማንም የማያየው፥ ማንም የማይመረምረው፥ ማንም የማይጸልይበት ዕቃ በቤተ መዘክር መኖሩ ለምን ይጠቅማል? የሚለው ጥያቄ መልስ ያላገኘ ነው።

መ. በደቡብ ኬንሲንግተን ያሉት ቤቶች

ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው ቤተ መዘክር የተቋቋመው በ1851 ከተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን በኋላ በ1852 ነው። ዓላማው የእጅ ሥራንና የጌጥ ጥበብን ለሕዝብ ማስተማር ነው። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ የሚገኙት በዚህ ነው። ሁለቱም የ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሥራዎች ናቸው፤ ዘውዱን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩት ይታመናል። የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጥልፍ ቀሚስም በዚሁ ስብስብ ውስጥ አለ። እቴጌዪቱ ከመቅደላ ከወጡ በኋላ ወደ ባሕር ሳይደርሱ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ ቀሚሳቸው ግን ሎንዶን ደረሰ። ቤተ መዘክሩ በ2018፥ መቅደላ ከወደቀች በ150ኛው ዓመት፥ እነዚህን ዕቃዎች ለብቻ አሳይቶ ነበር።

በዚሁ ቤት የጀሶ ቅርጾች አዳራሽ የሚባል ቦታ አለና ሳይታይ መታለፍ የለበትም። በ1873 የተከፈተ ነው። በመካከሉ በሮማ ከተማ የቆመው የንጉሠ ነገሥት ትራያን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በጀሶ ተቀርጾ ይገኛል፤ ጣራው ስላልበቃው ከሁለት ተከፍሎ ነው የቆመው። በዚያ ዘመን ወደ ሮማ መሄድ ያልቻለ የእንግሊዝ ተማሪ በዚህ ቅጂ ይማር ነበር። ዋናው ዓምድ ግን ከሮማ አልተነቀለም። እንግዲህ ለትምህርት ቅጂ በቂ መሆኑን ራሳቸው ሠርተው አሳይተዋል። ለሮማ የሠራው ሥርዓት ለጎንደር የማይሠራበትን ምክንያት ተማሪ ከአዳራሹ ሳይወጣ ቢያስብበት መልካም ነው።

ከመንገዱ ማዶ በ1881 የተከፈተው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። በመግቢያው አዳራሽ ከ25 ሜትር በላይ የሚረዝም የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ተሰቅሏል፤ ዳርዊንም ከእብነ በረድ ተቀርጾ በደረጃው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የሳይንስ ቤተ መዘክር አለ። የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች ለእነዚህ ሁለት ቤቶች ሙሉ ቀን ቢሰጡ አይቈጩም።

ሠ. የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት

ይህ ቤተ መጻሕፍት በ1973 ከቤተ መዘክሩ ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ ዛሬ ያለበት የቅዱስ ፓንክራስ ሕንጻ በ1998 ተከፈተ። በነጻ በሚታየው የሀብት አዳራሹ የእንግሊዝ ንጉሥ ሥልጣን በሕግ እንዲወሰን በ1215 የተጻፈው ማግና ካርታ የተባለው ሰነድ ይገኛል። ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል የግዕዝ ብራናዎችም በዚህ ቤት ናቸው። የቀሩት ከፊላቸው ጦሩ ሲመለስ በመንገድ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት፥ በተለይም ለጨለቆት ሥላሴ፥ ተሰጥተው ነበር። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር መጽሐፍ በ1877 አሳተመ።

ስለነዚህ መጻሕፍት አንድ ታሪክ መታወቅ አለበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ ሎንዶን ጻፉ። ቤተ መዘክሩም ከወሰዳቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዘውዱና ጽዋው ከኢትዮጵያ መምጣታቸው እጅግ እንዳሳዘነው በፓርላማ ፊት ተናግሮ ነበር። ስለዚህ የመመለስ ጥያቄ ዛሬ እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘረፋው በተፈጸመ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ በሁለቱም ወገን የተነሣ ነው።

ረ. የሥዕል አዳራሽና ግሪኒች

በትራፋልጋር አደባባይ ያለው ብሔራዊ የሥዕል አዳራሽ በ1824 መንግሥት ከአንድ የባንክ ባለቤት ስብስብ በገዛው 38 ሥዕል ተጀመረ፤ ዛሬ ከ2,300 የሚበልጥ አለው። የቫን አይክን፥ የሊዮናርዶ ዳቪንቺን፥ የተርነርንና የቫን ጎግን ሥራዎች በነጻ ማየት ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥዕሎቹ በዌልስ ተራራ ውስጥ ባለ የድንጋይ ካባ ተደብቀው፥ በየወሩ አንዳንድ ሥዕል ብቻ እየመጣ ለሕዝቡ ይታይ ነበር። በቦምብ መካከል አንዲት ሥዕል ለማየት የሚሰለፍ ሕዝብ ቅርሱን ለምን እንደሚወድ ያውቃል። እኛም የራሳችንን ስንጠይቅ የምንጠይቀው ይህንኑ ስሜት እንዲረዱልን ነው።

ወደ ምሥራቅ በወንዙ ወርዶ ግሪኒች የተባለውን ቦታ ማየት ደግሞ ለጂኦግራፊ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የኮከብ መመልከቻው በ1675 ተቋቋመ፤ በ1884 በዋሽንግተን የተሰበሰቡ መንግሥታት በዚያ የሚያልፈውን መስመር የኬንትሮስ መነሻ አደረጉት። አዲስ አበባ ከዚህ መስመር በስተ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ፀሐይ ለእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጥቂት ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች፤ በሕግ የተወሰነው ልዩነት ግን ሦስት ሰዓት ነው።

ሰ. ከከተማው ውጭ፤ ዊንድሰር

ከሎንዶን በስተ ምዕራብ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ባለው የዊንድሰር ቤተ መንግሥት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አለ። በዚያ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ መታሰቢያ ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ይገኛል። ልዑሉ መቅደላ ሲወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን በአምባው፥ እናቱን በመንገድ አጥቶ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፤ በታወቁ ትምህርት ቤቶችና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ በበሽታ ሞተ። ከላይ በኮሂኑር ታሪክ ያየነው የፑንጃብ ልጅና ይህ ልጅ ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሀብታቸው ሲወሰድ እነርሱም አብረው ተወሰዱ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 አጽሙ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዚህ ስፍራ ቆሞ ነፍስ ይማር ቢል ከቱሪስትነት ወደ ለቀስተኛነት ያልፋል።

ሸ. ስለ መመለስ የሚደረገው ክርክር

ተማሪ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባውም። የቤተ መዘክሮቹ ጠበቆች ሦስት ዋና ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፥ የዓለም ሥራ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ሆኖ ማንም በነጻ እያስተያየ ሊማርበት ይችላል ይላሉ። ሁለተኛ፥ ዕቃዎቹ በእኛ ዘንድ ከጥፋት ተጠብቀዋል ይላሉ። ሦስተኛ፥ በ1963 የወጣው ሕግ ቤተ መዘክሩ ንብረቱን እንዳያወጣ ይከለክላል ይላሉ።

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት አለው፤ ይህ ጽሑፍ ራሱ ያንን ዕድል ተጠቀሙበት የሚል ነው። ሆኖም ለታቦታቱ አይሠራም፤ ማንም አያያቸውምና። ሁለተኛው ምክንያት በ2023 ተዳክሟል፤ በዚያ ዓመት ብሪቲሽ ሙዚየም 2,000 ያህል ዕቃዎች ከግምጃ ቤቱ እንደተሰረቁ፥ እንደጠፉ ወይም እንደተበላሹ ራሱ ገልጿል። ሦስተኛውን በተመለከተ፥ ሕግን ያወጣ ፓርላማ ሕግን ማሻሻል ይችላል። ደግሞም ፈቃድ ሲኖር መንገድ ይገኛል። በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጐበኙ የዐፄ ቴዎድሮስን ማኅተም መልሰዋል፤ በ2002 በኤደንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት ተመልሷል፤ በ2019 የሎንዶኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱን ቁንዳላ መልሷል። ከሮማም የአክሱም ሐውልት በ2005 ወደ አገሩ ገብቷል።

ነገር ግን ክርክሩ በእንግሊዞች ላይ ብቻ እንዳይቆም ወደ ራሳችንም እንመልከት። ስለ መቅደላ ብራናዎች በቁጣ የምንናገረው ብዙዎች ነን፤ ከመካከላችን አንዱን እንኳ አንብቦ የሚተረጉም ስንት አለ? መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ካመጣ በኋላ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው ግን እንግሊዛዊ ነው። ቅርስ በመርከብ ብቻ ሳይሆን ባለማንበብም ከእጅ ይወጣል።

ቀ. የአራት ቀን ዕቅድ

ጊዜው አጭር ለሆነ ተማሪ የሚከተለውን ዕቅድ እንመክራለን። በመጀመሪያው ቀን የሎንዶን ግንብን አይቶ በወንዙ ዳር በእግር ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ይሂድ። በሁለተኛው ቀን ጧት በብሪቲሽ ሙዚየም የሮዜታን ድንጋይ፥ የፓርቴኖንን ቅርጾችና የአፍሪካን ክፍል ብቻ ይይ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በእግሩ ይድረስ። ሦስተኛውን ቀን ለደቡብ ኬንሲንግተን ይስጥ። በአራተኛው ቀን ከዌስትሚንስተር ተነሥቶ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ይሂድ። ቀን ከተረፈው ዊንድሰርን ወይም ግሪኒችን ይጨምር።

ስለ ወጪ፥ ከላይ የጠቀስናቸው የሎንዶን ቤተ መዘክሮች፥ የሥዕል አዳራሹና የቤተ መጻሕፍቱ የሀብት አዳራሽ ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ያሳያሉ። ግንቡ፥ ካቴድራሉ፥ አቤዩና ዊንድሰር ግን ያስከፍላሉ፤ ለጸሎት የሚመጣ ሰው ወደ ካቴድራሉና ወደ አቤዩ ያለ ክፍያ ይገባል። አንድ ዕቃ ለማየት ቈርጦ የሚሄድ ሰው ዕቃው በዚያን ሰሞን ለሕዝብ የተዘረጋ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ክፍሎች ይዘጋሉ፥ ዕቃዎችም ይነሣሉና። እርሳስና ደብተር መያዝ አይረሳ። ፎቶግራፍ ብቻ ያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ አያየውም፤ በእጁ የነደፈውንና የጻፈውን ግን አይረሳውም።

በመጨረሻም፥ ዝግጅቱን ከዚሁ መጀመር ይቻላል። በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ፤ የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። በዚያ በራፍ ዓመታት ሙሉ እየተመላለሰ አንድ ቀን ሳይገባ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ሎንዶን ቢደርስ ምን ይጠይቃል? ሦስቱን ጥያቄዎች መጀመሪያ በገዛ አገራችን መስቀልና ብራና ፊት እንለማመዳቸው። ያን ጊዜ ሎንዶን ስንደርስ መግለጫው የተወውን ከራሳችን እንሞላዋለን፤ ስለሚገባንም ነገር በዕውቀት እንናገራለን።